«አሜሪካዊት ሆና ሩሲያ ምን ልትሠራ ሄደች?» ለምትሉ፦ ስለ ሴት ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች የውጭ አገር ሥራ እናውራ

ቅርጫት_ወዳጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። በ2022 ሩሲያ ውስጥ የታሰረችው አሜሪካዊት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የብሪትኒ ግራይነር ስም በተነሣ ቁጥር ይቺ ጥያቄ አትቀርም። ሩሲያ ድረስ ምን ወሰዳት? አገሯ ሊግ የለም ወይ? እዚህም ቤት ሁለት ሦስት ሰው ጽፎታል። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ሊግማ አለ። ደብሊው ኤን ቢ ኤ ከ1997 ጀምሮ አለ። ግን የበጋ ሊግ ነው፣ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር፣ ቢበዛ ኦክቶበር። ደመወዙ ደግሞ ለዓመታት ስሙንና ክብሩን የሚመጥን አልነበረም። አውሮፓ ውስጥ ውድድሩ በኦክቶበር ተጀምሮ እስከ ኤፕሪልና ሜይ ይሄዳል። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል ማለት ነው። ስለዚህ ልጆቹ በጋውን አሜሪካ፣ ክረምቱን ሩሲያ፣ ቱርክ፣ ቻይና፣ ወይ እስራኤል ሲጫወቱ ከርመው እንደገና ይመለሳሉ። ዕረፍት የሚባል ነገር የለም።

ዳያና ቶራሲን ውሰዱ። በ2004 ከኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ወጥታ በድራፍቱ (ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾች በሚመርጡበት ሥርዓት) አንደኛ ተመርጣ ፊኒክስ ሜርኩሪ ገባች። ሦስት የሊግ ዋንጫ፣ ስድስት የኦሊምፒክ ወርቅ፣ 10,646 ነጥብ። እሷ ኳስ ስታቆም በሊጉ ታሪክ ያን ያህል ያስቆጠረች ሌላ ተጫዋች አልነበረችም። እንግዲህ ይቺ ሴት በ2015 ሙሉውን የአሜሪካ የውድድር ዘመን ዘለለችው። ተጎድታ አይደለም። የሩሲያው ክለቧ ዩ ኤም ኤም ሲ የካተሪንበርግ በጋውን እንድታርፍለት ከፍሏት ነው! ያኔ እንደተዘገበው ሩሲያ ለአንድ ሲዝን ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ታገኝ ነበር። ፊኒክስ የሚከፍላት ወደ 107 ሺህ ነው። አስቡት፣ ቤቷ ቁጭ እንድትል ብቻ የሰጧት ገንዘብ አገሯ ተጫውታ ከምታገኘው ይበልጣል።

እኔ የምለው ይሄንን ነው። ሰዉ የውጭውን ሥራ እንደ ትርፍ ገቢ ያየዋል። ለነዚህ ሴቶች ግን እንጀራቸው ውጭ ነበር፤ የአገራቸው ሊግ ነው በጎን የሚሠራው ሥራ። ይሄ ካልገባን «ምን ልትሠራ ሄደች» እያልን ስንጠይቅ እንኖራለን።

ደግሞ የካተሪንበርግ ማለት ሞስኮ አይደለም። ኡራል ተራሮች ሥር ነው። ከፊኒክስ ጋር ያለው የሰዓት ልዩነት ድፍን 12 ሰዓት ነው። እዚያ ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ፊኒክስ ሌሊት ስድስት ሰዓት ነው። ልጅቷ ልምምድ ጨርሳ ምሳ ስትበላ እናቷ ተኝታለች። ክረምቱ ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ምንም የማይገርምበት አገር ነው። ከአሪዞና በረሃ ተነሥተሽ እዚያ።

---

እውነቱን_እንነጋገር

ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ስለ ደመወዙ ያልከው ገብቶኛል። ግን አንድ ነገር አትዝለል። ሻንጣዋ ውስጥ የተከለከለ ነገር ተገኝቷል። የሰው አገር ስትገባ የአገሩን ሕግ ታከብራለህ፣ አለቀ። እኔም እዚህ አገር ስመጣ መጀመሪያ የተማርኩት እሱን ነው። ደሃ ስደተኛ እንዲህ ቢገኝ ፕሬዚዳንት ይደውልለታል? ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የሚያናድደኝ እሱ ነው እንጂ በልጅቷ ላይ ቂም የለኝም።

---

ቅርጫት_ወዳጅ

ወንድሜ፣ ጥፋት የለባትም አላልኩም። ራሷም ፍርድ ቤት ቀርባ አምናለች። ግን ነገሩን ከነመጠኑ እናውራው። በፌብሩዋሪ 17፣ 2022 ሸረሜትየቮ አየር ማረፊያ ተያዘች። የተገኘው ከአንድ ግራም በታች የካናቢስ ዘይት ነው፣ አሪዞና ውስጥ ሐኪም የጻፈላት። ከሳምንት በኋላ የዩክሬን ጦርነት ፈነዳ። ኦገስት 4 ቀን 9 ዓመት እስራትና 1 ሚሊዮን ሩብል ቅጣት ተፈረደባት። ከዚያ ሞርዶቪያ ያለ የሴቶች እስር ቤት። ዲሴምበር 8 አቡዳቢ አየር ማረፊያ ላይ ከመሣሪያ ነጋዴው ቪክቶር ቡት ጋር ተለወጠች። ጦርነት ባይኖር ያ ፍርድ እንደዚያ ይወጣ ነበር ወይ? ይሄን አንተው ፍረድ። ያቺ ሴት ከ2014 ጀምሮ እዚያው ክለብ ስትመላለስ የኖረች፣ የአውሮፓ ዋንጫ ደጋግማ ያመጣችላቸው ሴት ናት።

ስለ ደሃው ስደተኛ ያልከው ግን ትክክል ነው፣ በዚያ አልከራከርህም።

ምንም ሳታጠፋ የተመታችም አለች ደግሞ። ያቺው ቶራሲ። በ2010 መጨረሻ ለኢስታንቡሉ ፌነርባቼ ስትጫወት ሞዳፊኒል የሚባል አበረታች መድኃኒት በምርመራ ተገኘባት ተባለ። አልወሰድኩም ብላ ጮኸች፣ ሰሚ ግን አልነበረም። ክለቡ ውሏን አፈረሰ፣ ስሟ በዓለም ጋዜጣ ጠፋ። በፌብሩዋሪ 2011 አንካራ ያለው ላቦራቶሪ ራሱ የሰጠውን ውጤት አነሣ። ዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ድርጅት ዋዳም ላቦራቶሪውን አገደው። ሲዝኑ ግን አንዴ ሄዷል፣ ማን ይመልስላታል? የቱርክን ዳኛ፣ ላቦራቶሪ፣ ቋንቋ አታውቅም፣ ያለችው ብቻዋን ነው። በሰው አገር መሥራት ማለት ይሄ ነው፣ ሚሊዮን ዶላር ቢከፈልሽም።

---

ሚኒሶታ_ሊንክስ

በጣም ደስ የሚል ክር። እኔ የምጨምረው ስለ ሰውነታቸው ነው። እዚህ ሚኒያፖሊስ ሊንክስ በ2011፣ 2013፣ 2015 እና 2017 ዋንጫ ሲያነሣ ከጓደኞቼ ጋር ስታዲየም እየገባን ነበር። ማያ ሙር የምትባል ተጫዋች ነበረችን። ከኛ ጋር ዋንጫ በልታ ቻይና ሻንሺ ትሄዳለች፣ እዚያ ዋንጫ፣ ከዚያ ብሔራዊ ቡድን፣ ከዚያ እንደገና እኛ ጋ። በሰላሳ ዓመቷ አካባቢ በቃኝ ብላ ቆመች። አንድ ያለ ጥፋቱ የታሰረ ሰው ለማስፈታት ነው ያቆመችው፣ አስፈታችውም። በዕድሜዋ ምርጥ ሰዓት ላይ ነበረች፣ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ብሪያና ስቱዋርትን ደግሞ ታውቋታላችሁ። በ2018 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለች፣ ሲያትል ዋንጫ በላ፣ የፍጻሜውም ኮከብ እሷ። የዚያ ዓመት የሊግ ደመወዟ ከ60 ሺህ ዶላር በታች ነበር። ከ60 ሺህ በታች! እዚህ እኛ ሰፈር የከባድ መኪና ሹፌር ከዚያ በላይ ያገኛል። ታዲያ ዳይናሞ ኩርስክ የሚባል የሩሲያ ክለብ ሄደች። በኤፕሪል 2019 ሃንጋሪ ሾፕሮን ላይ የዩሮሊግ (የአውሮፓ ክለቦች ትልቁ ውድድር) ፍጻሜ እየተጫወተች ዘላ ስታርፍ የአኪለስ ጅማቷ ተበጠሰ። ያንን የአሜሪካ ሲዝን በሙሉ አልተጫወተችም። የአገሯ ሊግ ኮከቡን ያጣው ሌላ አገር፣ በሌላ ክለብ ማልያ ነው። ያን ቀን ነው ብዙ ሰው የነቃው።

---

አሮጌው_ደጋፊ (ሲያትል)

ልጆች፣ ስለ ሩሲያ ገንዘብ ስታወሩ ከየት እንደመጣም አውሩ። እኔ ከሱ በርድና ከሎረን ጃክሰን ዘመን ጀምሮ የከተማችንን ቡድን ስቶርምን የምከታተል ሰው ነኝ። ሁለቱም ሞስኮ አጠገብ ቪድኖየ ለሚባለው ከተማ ክለብ ለስፓርታክ ተጫውተዋል፣ ከቶራሲ ጋር። ባለቤቱ ሻብታይ ካልማኖቪች ይባላል። እስራኤል ውስጥ ለሶቪየት ሰልሏል ተብሎ ታስሮ የነበረ፣ ኋላ ነጋዴ የሆነ ሰው። ተጫዋቾቹን በትልቅ ቪላ አስቀምጦ እንደ ልጆቹ ነበር የሚንከባከባቸው ይባላል። ስፓርታክ ከ2007 እስከ 2010 አራት ዓመት በተከታታይ ዩሮሊግ በላ። ሰውዬው ግን በኖቬምበር 2009 ሞስኮ መሃል መኪናው ውስጥ እንዳለ ተተኩሶበት ሞተ።

የክለቡ ገንዘብ ትኬት ሸጦ የሚመጣ አልነበረም። የአንድ ሰው ኪስ ነው። የካተሪንበርግም ያው ነው፣ ስሙ ራሱ የባለቤቱ የማዕድንና የብረታ ብረት ኩባንያ ስም ነው። ሀብታሙ ደስ እስካለው ሚሊዮን ይከፍላል። ሀብታሙ ሲሞት፣ ወይ ጦርነት ሲመጣ፣ በአንድ ሌሊት ያልቃል። በማርች 2022 የሩሲያ ክለቦች ከአውሮፓ ውድድር ሲታገዱ ያየነው ይሄንኑ ነው። ጆንኬል ጆንስ ያኔ የካተሪንበርግ ነበረች። ወጥታ ቱርክ ስታርፍ ማልቀስ ብቻ እንዳማራት ራሷ ጽፋለች።

ስለ ፓስፖርትም ልበል። ያቺው ጆንስ የባሃማስ ልጅ ናት፣ የቦስኒያ ፓስፖርት ወሰደች፣ ለቦስኒያ ብሔራዊ ቡድንም ተጫወተች። አውሮፓ ክለቦች የአውሮፓ ፓስፖርት ያላትን ተጫዋች እንደ ውጭ ዜጋ ስለማይቆጥሯት ዋጋዋ ይጨምራል። ቤኪ ሃመን ደግሞ ከሳውዝ ዳኮታ ተነሥታ በ2008 ቤጂንግ ላይ የሩሲያን ማልያ ለበሰች። በግማሽ ፍጻሜ አሜሪካንን ገጥማ ተሸነፈች፣ በመጨረሻ ነሐስ አገኘች። የአሜሪካ አሰልጣኟ ሳይቀር አገር ወዳድ አይደለችም ብላ ተናግራባታለች። አገሯ ግን ለብሔራዊ ቡድኑ በደንብ አልጠራቻትም። እኔ አልፈረድኩባትም። ዛሬም አልፈርድባትም።

---

የራምላዋ

ሰላም ወገኖች ከእስራኤል። ስማችን ስለተነሣ ልግባ።

ራምላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ያለንባት ከተማ ናት። ትንሽ ከተማ ናት ግን የሴቶች ቡድናችን ኤሊጹር ራምላ በ2011 ዩሮካፕ አሸንፏል። ከእስራኤል የሴቶች ክለብ የአውሮፓ ዋንጫ ሲያመጣ የመጀመሪያው ነው። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። አዳራሹ ውስጥ የኛ ልጆች ከፊት ይቀመጡ ነበር። ምክንያቱም አሜሪካኖቹ ጥቁር ሴቶች ነበሩ፣ ረጃጅም፣ ፀጉራቸውን እንደኛ የተሠሩ፣ ከተማው በሙሉ የሚያጨበጭብላቸው። ለኛ ያ ምን ማለት እንደነበር ላስረዳችሁ አልችልም። ታናሽ እህቴ እነሱን አይታ ነው ኳስ የጀመረችው።

ግን ከጨዋታ በኋላ ሱፐርማርኬት ውስጥ አያቸው ነበር። አንዷ ሁልጊዜ ማታ ላይ ብቻዋን ትመጣለች። ጆሮዋ ላይ ኢርፎን፣ የዕቃውን ሥዕል እያየች እርጎና ክሬም ትለያለች። አንድ ቀን እናቴ እጇን ይዛ ወስዳ ለይታ አሳየቻት። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፣ እሷ ዕብራይስጥ አትችልም። ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ እኛ ቤት ትመጣ ነበር፣ ዶሮ ወጥ ስትበላ እንባዋ እየወረደ «ጨምሩልኝ» በእጇ ታሳያለች። ያ ሲዝን አልቆ ስትሄድ እናቴ እንደ ልጇ ነው የሸኘቻት።

በኦክቶበር 2023 ጦርነቱ ሲጀመር የውጭ ተጫዋቾቹ ብዙዎቹ በቀናት ውስጥ ወጡ። ማንም አልፈረደባቸውም። ሊጉ ግን ያለነሱ ባዶ ነበር።

---

ዱባይ_ያለሁ

የራምላዋ እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይስጥልኝ።

እኔ ገልፍ ነው የምሠራው። ግራይነር አቡዳቢ ላይ ስትለወጥ ቪዲዮውን ከቤት ልጆች ጋር ደጋግመን አየነው። እኛ የምናውቀው ዓለም ስለሆነ ነው። ፓስፖርትሽ በእጅሽ ከሌለ፣ ቋንቋውን ካላወቅሽ፣ ኮንትራቱን ያጻፈው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ገንዘቡ አንድ ሺህም ሆነ አንድ ሚሊዮን ፍርሃቱ ያው ነው። እውነቱን_እንነጋገር ያለው ነገር ልቤን ነክቶታል፣ የኛ እህቶች እስር ቤት ሲገቡ የሚጮህላቸው የለም። ግን ለሷ የጮኹት ሰዎች አጥፍተዋል አልልም። ለኛም እንዲጮህ ነው የምፈልገው።

---

እውነቱን_እንነጋገር

አሜን። እኔም የፈለግኩት እሱን ነው።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። አሁን ሁኔታው ተቀይሯል ይባላል። ሕግ ወጥቶ ውጭ መጫወት ተከልክሏል የሚሉም አሉ። እውነት ነው?

---

ቅርጫት_ወዳጅ

አልተከለከለም፣ ግን ሕጉ ጠበቅ ብሏል። በ2020 በሊጉና በተጫዋቾቹ ማኅበር መካከል የተፈረመው የጋራ ስምምነት ብዙ ጥሩ ነገር ነበረው። ከፍተኛው ደመወዝ ከ117,500 ወደ 215 ሺህ ዶላር ወጣ። በወሊድ ጊዜ ሙሉ ደመወዝ፣ ለእናቶች ሰፋ ያለ ቤት ገባበት። በምላሹ የክለቦቹ ባለቤቶች አንድ አንቀጽ አስገቡ፦ ቅድሚያ ለኛ። ከ2023 ጀምሮ ልምድ ያላት ተጫዋች የአውሮፓ ሲዝኗ ሳያልቅላት ዘግይታ ከመጣች በየቀኑ ከደመወዟ ተቀጣች። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በሰዓቱ ካልደረሰች ዓመቱን በሙሉ እንዳትጫወት ተደረገ።

ለአሜሪካኖቹ ሊዋጥ ይችላል። ለአውሮፓውያኑ ግን በደል ነው። ጋቢ ዊልያምስን ውሰዱ፣ ለፈረንሳይ የምትጫወተው። በፓሪስ 2024 ፍጻሜ አሜሪካንን 67 ለ 66 ሊሸነፉ ሲሉ በመጨረሻው ሴኮንድ ያገባችው ኳስ፣ ጫማዋ ጫፍ የሦስት ነጥብ መስመሩን ስለነካ ሁለት ተቆጠረ። ያቺን የመሰለች ተጫዋች ያንን ዓመት የደብሊው ኤን ቢ ኤ ውል የፈረመችው ከኦሊምፒኩ በኋላ ነው። እዚህ ዲሲ ደግሞ ኤማ ሜሰማን ነበረችን። ቤልጂየማዊት ናት፣ በ2019 ሚስቲክስ ዋንጫ ሲበላ የፍጻሜው ኮከብ። ያቺን ልጅ ኮንግረስ ሃይትስ ባለው ትንሹ አዳራሽ፣ 4,200 ሰው በሚይዘው፣ ከቅርብ ያየ ሰው አይረሳትም። ከዚያ በፊት በ2018 አርፋ ለብሔራዊ ቡድኗ ለመዘጋጀት ብላ ሙሉ ሲዝን አልመጣችም። በዚያ ስምምነት የገቡት ሕጎች እንዲህ ያለችውን ሴት አልፎ አልፎ ሳይሆን ጨርሶ እንዳትመጣ የሚያደርጉ ነበሩ። እኔ በዚህ እቃወማለሁ። መጀመሪያ በደንብ ክፈል፣ ከዚያ ቅድሚያ ስጡኝ በል።

---

ሚኒሶታ_ሊንክስ

ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያመጡትን መፍትሔ ረሳኸው። የኛዋ ናፊሳ ኮሊየርና ስቱዋርት አንራይቫልድ የሚባል ሊግ አቋቋሙ። በጃንዋሪ 2025 ማያሚ አጠገብ ተጀመረ፣ ሦስት ለሦስት፣ ሙሉውን ሜዳ ሳይሆን አጠር ባለ ሜዳ። በመጀመሪያው ዓመት 36 ተጫዋቾች፣ አማካይ ክፍያው ከ200 ሺህ ዶላር በላይ፣ በዚያ ላይ የባለቤትነት ድርሻ አላቸው። ለልጆቻቸው መዋያ እዚያው አለ። ክረምቱን አገራቸው ሆነው ይሠራሉ። ግራይነርም እዚያ ተጫውታለች። ከእስር ከወጣች በኋላ አገሯን ወክላ ካልሆነ በስተቀር ውጭ አልጫወትም ብላ ነበር።

ግን ያኔ 36 ብቻ ነበሩ። የቀሩትስ? ሊጉ ውስጥ ቦታ ያጡትስ? እነሱ አሁንም ሻንጣቸውን ያዘጋጃሉ፣ ፖላንድ፣ ቱርክ፣ ሃንጋሪ፣ አውስትራሊያ።

---

ታላቅ_እህት

እዚህ ድረስ ሁሉንም አነበብኩ። እባካችሁ እርዱኝ፣ የኔ ጉዳይ ከኮከቦቹ ዝቅ ያለ ነው።

ታናሽ እህቴ እዚህ አሜሪካ ኮሌጅ ስትጫወት ቆይታ ዘንድሮ ጨረሰች። ለድራፍት የምትታሰብ አይደለችም፣ ጎበዝ ጋርድ (ኳስ የምትመራ ተጫዋች) ናት ግን። አንድ ኤጀንት ከአውሮፓ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ውል አምጥቶላታል። ደመወዙ በወር ትንሽ ነው፣ ቤትና መኪና ይሰጣሉ ይላል። እናታችን «ዲግሪ ይዘሽ ኳስ ልትጠልዢ ሰው አገር?» ብላ ሌሊት አትተኛም። እኔ ደግሞ ሕልሟን መቁረጥ አልፈልግም። ውሉን አየሁት፣ አራት ገጽ ነው፣ ግማሹ አልገባኝም። ምን ብዬ ላጣራ?

---

ቀይ_ጫማ (ጀርመን)

ታላቅ እህት፣ እኔ አውሮፓ ያደግኩ ሐበሻ ነኝ፣ ዝቅ ባሉ ሊጎች በተለያዩ ክለቦች ተጫውቻለሁ። አሁን አቁሜያለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ እናትሽን አረጋጊያት። በዚያ ደረጃ ያለው ሕይወት የቶራሲን፣ የግራይነርን አይመስልም። ሚሊዮን የለም፣ ሰላይ ባለሀብትም የለም። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ልምምድ፣ ቅዳሜ ጨዋታ፣ በሚኒባስ አራት ሰዓት መንገድ። ከጨዋታ በኋላ የፕሬዚዳንቱ ሚስት ፓስታ ሠርታ ሁሉም አብሮ ይበላል። እኔ ከሕይወቴ በጣም የምወደው ጊዜ እሱ ነው። ጧት ጧት የሰፈሩን ሕፃናት አሠለጥን ነበር፣ ውሌ ውስጥ ነበረበት። የእህትሽም ውል ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጻፍ፣ አለዚያ ሙሉ ቀን መምህር ያደርጓታል።

አሁን ወደ ውሉ። ደመወዙ ከታክስ በኋላ የሚገባ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ብዙ ክለብ በአፍ የተጣራ ነው ይልና ወረቀቱ ላይ ዝም ይላል። የጤና ምርመራው እንደደረሰች በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይጠናቀቅ፣ ከዚያ በኋላ ብትጎዳ ውሉ እንደጸና ይቀጥል የሚል መስመር ፈልጊ። ይሄ ከሌለ ጉልበቷን የተጎዳች ቀን ትኬት ቆርጠው ይልኳታል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። የኤጀንቱን ኮሚሽን ማን ነው የሚከፍለው? በተለመደው አሠራር ክለቡ ነው፣ ወደ 10 ከመቶ። እህትሽን አስቀድማ ገንዘብ እንድትከፍል የሚጠይቅ ኤጀንት ከሆነ በሩን ዝጊበት።

ቪዛ ደግሞ የሥራ ቪዛ። «በቱሪስት ግቢና እናስተካክላለን» ካሉ አትላኪያት። የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፊባ አገር ስትቀይሪ ክሊራንስ ይጠይቃል፣ እሱን የሚጠይቅላት የክለቡ አገር ፌዴሬሽን ነው፣ ለሷ ብዙ ሥራ የለበትም።

ከሁሉ በላይ ግን የመጨረሻውን ገጽ እዪ። ክርክር ቢነሣ የት ይታያል? የፊባ የግልግል ዳኝነት አለ፣ ባት ይሉታል፣ መቀመጫው ጄኔቫ። ውሉ ውስጥ ስሙ ከሌለ እዚያ መሄድ አትችልም። ካለ ደግሞ ጉዳዩን አንድ ዳኛ በጽሑፍ ያየዋል፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ ክለቡ ተፈርዶበት ካልከፈለ ፊባ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ሊያግደው ይችላል። ክለቦች የሚፈሩት እሱን ነው። እኔ አንድ ክለብ ከገና በኋላ ደመወዝ ዘጋብኝ። ስፖንሰሩ ሄደ አሉ። ሥራ አስኪያጁ በየሳምንቱ «ሰኞ» ይለኛል። ቤቱ የነሱ ስለሆነ ማሞቂያው ሲቆረጥ ጃኬት ለብሼ እተኛ ነበር። ያንን አንቀጽ ጠቅሼ አንድ ደብዳቤ ስጽፍ ብዙም ሳይቆይ ግማሹ ገባ፣ ቀሪው ኋላ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ አንቀጹ ውሏ ውስጥ አልነበረም፣ እስከዛሬ አልተከፈላትም።

---

ታላቅ_እህት

እግዜር ይባርክሽ እህቴ። አሁን ከፍቼ አየሁት፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ «የከተማው ፍርድ ቤት» ነው የሚለው። ባት የሚባል የለም። ስለ ጉዳትም የሚል ምንም የለም። ኤጀንቱን በስልክ ጠየቅኩት፣ ትናንሽ ክለቦች እሱን አይጽፉም፣ ዝም ብላ ትፈርም አለኝ። እስከ ዓርብ ካልፈረመች ለሌላ ይሰጣል ይላል።

---

አሮጌው_ደጋፊ (ሲያትል)

ዓርብ የሚሉት ሁሌም ዓርብ ነው ልጄ። አትቸኩሉ።

---

ቀይ_ጫማ (ጀርመን)

አትፈርም። ትናንሽ ክለቦችም ይጽፋሉ፣ የኔው ትንሽ ነበር። ፊባ ለዚህ የሚሆን አንቀጽ አዘጋጅቶ በድረ ገጹ ላይ አስቀምጦታል፣ አንድ አጭር አንቀጽ ነው። ቀድተሽ ለኤጀንቱ ላኪለት፣ «ይሄ ይግባ፣ የጉዳቱም መስመር ይግባ፣ ያኔ ዛሬውኑ ትፈርማለች» በይው። በኢሜይል ይሁን፣ በስልክ አይደለም። ጥሩ ክለብ ከሆነ ይስማማል። እንቢ ካለ ደግሞ ደመወዙን ለመክፈል ከአሁኑ አላሰበም ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ባለፈው ዓመት እዚያ የነበረችውን የውጭ ተጫዋች ስም ክለቡን ጠይቂ። እህትሽ በኢንስታግራም ታግኛትና ሁለት ነገር ብቻ ትጠይቃት፦ በሰዓቱ ይከፍላሉ ወይ፣ ስትጎጂ ማን ሐኪም ቤት ወሰደሽ።

---

ታላቅ_እህት

ተጫዋቿን አገኘናት! የካናዳ ልጅ ናት፣ ለእህቴ ወዲያው መለሰችላት። ደመወዝ ሁለት ጊዜ ዘግይቶባታል ግን ሁሉም ተከፍሏል፣ ቁርጭምጭሚቷ ሲዞር አሰልጣኟ ራሷ ሐኪም ቤት አድራ አብራት ነበር ትላለች። ኢሜይሉን አሁን ላክን፣ ሁለቱንም አንቀጽ አስገብተን። እናቴም ኢሜይሉን በአማርኛ አንብቢልኝ አለች፣ አነበብኩላት። «መኪናው ኢንሹራንስ አለው ወይ ብለሽ ጨምሪበት» አለች፣ ጨመርኩበት።

---

ቀይ_ጫማ (ጀርመን)

እናትሽ ትክክል ናቸው፣ የበረዶ ጎማም ይጠየቅ። መልስ ሲመጣ ውሉን ሳትፈርሙ በፊት ስሞቹን ሸፍነሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ።